ጎበዙ እጅ ይረፍ

ልጆቹ «እትዬ ዝም» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣችላት አፏ ከእግሯ ቀድሞ የተፈታ አንዲት ሕፃን ናት። ከፈተናው ክፍል ወጥታ ለእናቷ «ያቺ እትዬ ዝም ብላ ታየኛለች እንጂ አታጫውተኝም» ብላ ከሰሰቻት። ኮሪደሩ ላይ የተቀመጡት ወላጆች ሳቁ፣ ስሙም እዚያው ጸደቀ። ዛሬ የበሩ ጥበቃ ሳይቀር «እትዬ ዝም ገብተዋል?» ተብሎ ሲጠየቅ «አዎ፣ ዝም ብለው ገብተዋል» ብሎ ይመልሳል። እሷም ሰምታ እንዳልሰማ ታልፋለች።

ዝምታው ግን የጠባይ ሳይሆን የሥራ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ የሚባለው ነገር፣ ሲወለዱ ወይም ገና በማሕፀን ሳሉ አንጎላቸው ላይ በደረሰ ጉዳት የተነሳ፣ የልጆችን ሰውነት እንዳሻው ያደርጋል። አንዳንዱን እግሩን ይይዝበታል፣ አንዳንዱን ምላሱን፣ አንዳንዱን ደግሞ አንድ ጎኑን ብቻ። የእሷ ድርሻ እጅ ነው። በተሃድሶ ማዕከሉ ኮሪደር መጨረሻ ባለችው ክፍል ዝቅ ያለ ጠረጴዛ፣ ትንንሽ ወንበሮች፣ በሦስት እግሩ የቆመ ካሜራና አንድ የቆርቆሮ ሣጥን አለ። ከሣጥኑ ውስጥ ክዳኑ የሚጠመዘዝ የፕላስቲክ ብልቃጥ፣ በክር የሚሰኩ ዶቃዎች፣ በወረቀት የተጠቀለለ ከረሜላ፣ ግራና ቀኝ ካልተሳበ ድምፅ የማያወጣ የልጆች አኮርዲዮን ታወጣለች። አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ታኖርና እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ትቀመጣለች። ልጁ ጨዋታ ይመስለዋል። እሷ ግን አንድ ነገር ነው የምትጠብቀው፤ ደካማው እጅ ማንም ሳያዘው፣ ማንም ሳይለምነው፣ ከጎበዙ ጎን መጥቶ ያግዛል ወይ? ብልቃጡን ደግፎ ይይዝለታል ወይ? «በዚህኛው እጅህ ያዝ» ማለት ክልክል ነው። ክዳኑን ላላ ማድረግም ክልክል ነው። ልጁ ቢያለቅስ እንኳ እንባውን ከመጥረግ በቀር ምንም አታደርግም። ይህን ፈተና ለመስጠት የሠለጠነች በማዕከሉ እሷ ብቻ ናት። በአካባቢው ሁሉ ቢፈለግም ሌላ አይገኝም።

ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ለጎረቤት ሲያማት ደስ ይለዋል። «ቤትም ያው ናት» ይላል። «የታሸገ ቆርቆሮ ልከፍት ስታገል አጠገቤ ቁጭ ብላ ታየኛለች። ‹ያዢልኝ› ስላት ‹ቆይ፣ ግራ እጅህን ልየው› ትለኛለች። ዕድሜ ልኬን መሪ የያዝኩበትን እጅ ልትፈትንልኝ!» ጎረቤት ይስቃል፣ እሷም ትስቃለች። ሐሜቱ ግን ባዶ አልነበረም። ሰው ሲቸገር እጇን ሰብስባ ማየት ለምዶባታል።

በሥራዋ ስመ ጥር ያደረጓት ሁለት አባባሎች ነበሩ። የመጀመሪያው ለእናቶች የምትመልሰው ነው። ልጁ ፈተና ክፍል ውስጥ ያቃተውን ሁሉ እናት «እቤት እኮ ይችላል» ትላለች። ይህን የማትል እናት ገና አልተወለደችም። ከዓመታት በፊት፣ ይህ ፈተና ገና ሳይመጣ፣ ሌሎቹ ሠራተኞች በእናቶች እንባ እየራሩ የማይችለውን ልጅ «ይችላል» እያሉ ሲያሳልፉ፣ ትምህርት ቤት የገቡት ልጆች ሱሪያቸውን መቆለፍ አቅቷቸው እያለቀሱ ሲመለሱ፣ ስብሰባ መካከል ተነስታ «እቤትማ ሁሉም ልጅ ጎበዝ ነው። እኛ የምንመዝነው ያየነውን እንጂ የሰማነውን አይደለም» አለች። ተጨበጨበላት። ከዚያ ቀን ወዲህ አባባሏ የማዕከሉ ሕግ ሆነ።

ሁለተኛው ለአባቶችም ለእናቶችም ነው፦ «ጎበዙ እጅ ይረፍ፣ ሰነፉ እጅ ይልፋ።»

መጀመሪያ ላይ ይህ አባባል ማብራሪያ ነበረው። አንድ ጎናቸው የተያዘ ልጆች ሁሉን ነገር በደህናው እጅ ስለሚሠሩ ደካማው ሥራ ፈትቶ ይቀራል፤ ስለዚህ በቀን ለጥቂት ጊዜ፣ ያውም በጨዋታ ላይ፣ ደህናውን እጅ ጓንት አልብሰው ደካማውን ያለማምዱታል፤ ለጥቂት ሳምንት፣ ከዚያ ሁለቱ እጆች አብረው መሥራት ይማራሉ። ዋናው ቁም ነገር ይህ አብሮ መሥራቱ ነው። ግን ወላጆች ማብራሪያውን ረስተው አባባሉን ይዘው ነበር የሚመለሱት፤ «ያቺ ያሉን ነገር እንዴት ጥሩ ናት» እያሉ ያመሰግኗታል። ምስጋና የማይወድ የለምና፣ ዓመት ዓመትን ሲተካ ማብራሪያው እያጠረ፣ አባባሉ እየደመቀ ሄደ። በመጨረሻ ኮሪደሩ ሲሞላ አባባሉን ብቻ ሰጥታ መሸኘት ጀመረች። አባባል ሰዓት የለውም። «ለጥቂት ጊዜ» የሚል ነገር አይገባበትም፣ ከገባበትም አያምርም።

ከማዕከሉ ቁልቁል በሚወስደው መንገድ ዳር ፀጉር ቤት ያለው ሰውዬ ልጁን ይዞ የመጣው እንዲህ ባለ ቀን ነበር። ልጁ ግራ ጎኑ የተያዘ ነው። እግሩን በትንሹ ይጎትታል፣ ግራ እጁ ደረቱ ላይ ታጥፎ እንደ ተኛ ነገር ይቀመጣል፤ ቀኙ ግን የማይነካካው የለም። አባቱ «አለቃ» ነው የሚለው። ለአለቃ ጫማ የሚያስሩለት፣ ቁልፍ የሚቆልፉለት አባቱና ቀኝ እጁ ነበሩ። እናቱ የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ቤት ትሠራለች፤ ያን ቀን ፈቃድ አጥታ ቀርታለች።

«እትዬ፣ ልጄ ከሰው እኩል ትምህርት ቤት እንዲገባ ምን ላድርግ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ኮፍያውን አውልቆ።

እሷ እጁን አገላብጣ አየች፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈታታች። እጁ ተስፋ ነበረው። በሩ ላይ ሌላ እናት ቆማ ታንኳኳለች፣ ጠረጴዛው ላይ ስልክ ይጮኻል። «ይህ እጅ ሰንፎ ነው እንጂ አልሞተም» አለችው። «ጎበዙ እጅ ይረፍ፣ ሰነፉ እጅ ይልፋ። በዓመቱ አምጡልኝ።»

ፀጉር አስተካካዩ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አልሞተም» የሚል ቃል ከሐኪም ቤት ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። «ይበቃኛል እትዬ። ገብቶኛል» አለ። ሱቁ እንደ ደረሰ አባባሉን በቀይ ቀለም የትልቁ መስታወት አናት ላይ ጻፈው። ደንበኛ ሁሉ ፀጉሩ እስኪቆረጥ ድረስ እሱን እያነበበ ይቀመጣል።

ከመጻፍም አልፎ ሥራ ላይ አዋለው። የልጁን ሱሪዎች ቀኝ ኪስ ጠለቅ አድርጎ አሰፋ፤ ጠዋት ጠዋት አልብሶት ሲያበቃ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ አስገብቶ በአንጓው ዙሪያ በወፍራም ክር ይሰፋዋል። መጀመሪያ ሰሞን ልጁ አለቀሰ። አባትየውም ከልጁ እኩል ነበር የሚያለቅሰው፤ ግን ክሩን አልፈታም። ደንበኞቹ «በአንድ እጅ አይጨበጨብም ሲባል አልሰማህም?» እያሉ ያፌዙበታል። «የኔ ልጅ በአንዱ አጨብጭቦ ያሳይሃል፣ ቆይ» ይላል እሱ፣ ቶንዶሱን ሳያቆም። አለቃ በግራው ማበጠሪያ ካቀበለ «ጎበዝ» ይባላል፤ ሱቁ ሁሉ፣ አረፋ የተቀባው ደንበኛ ሳይቀር፣ «ጎበዝ» ይለዋል። ስፌቱ ላልቶ ቀኙ ብቅ ካለ ደግሞ አባትየው «ሌባው ወጣ» ይላል። ቁጣ የለበትም፣ ጨዋታ ነው። ግን ልጅ ነውና፣ ከጨዋታውም ውስጥ ሌባ ሆኖ መገኘት አልወደደም። እየቆየ ሲሄድ፣ ክሩ በሌለበት ሰዓትም፣ ሰው ሲያየው ቀኙን ራሱ ይደብቅ ጀመር።

ዓመቱ ደረሰ። የዚህ ፈተና ነገር ቀልድ አልነበረም። መደበኛው ትምህርት ቤት ምዝገባ ሊከፍት ነው፤ የምደባ ኮሚቴው እሷ የቀረጸችውን ቴፕና የሰጠችውን ነጥብ አይቶ ልጁን ወይ እዚያ ይልከዋል፣ ወይ «ልዩ ክፍል» ወደሚሉት ይመድበዋል። ልዩ ክፍል የሚሉት ስሙ ነው ልዩ። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ቴሌቪዥን ያያሉ፤ አንዲት ሞግዚት አፋቸውን ትጠርጋለች። እርሳስ የለም፣ ምክንያቱም የሚይዘው የለም ተብሏል። እዚያ ገብቶ ወደ መደበኛው የተመለሰ ልጅ እሷም አታውቅም።

አለቃ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፀጉሩ እንደ ሙሽራ ተስተካክሎ መጣ። አባቱን አልለቅም ስላለ ፀጉር አስተካካዩ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ እንዲቀመጥ ተፈቀደለት። እሷ ካሜራውን ከፈተች፣ ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣጠፈች።

ልጁ ፈገግ አለና ቀኝ እጁን ከጭኑ ሥር አድርጎ ተቀመጠበት።

መጀመሪያ የበረደው መሰላት። ከዚያ ግራውን ብቻውን ላከው። ጣቶቹ ከዓምናው ጠንክረዋል፣ ይህን አየች። ግን ብልቃጡን የሚደግፍለት የለም፤ ክዳኑን ሲነካው ብልቃጡ አብሮ ይዞራል። በአገጩ ሊይዘው ሞከረ። በግንባሩ ከጠረጴዛው ጋር አጣበቀው። ወደቀ። አነሳውና እንደገና ሞከረ፣ እንደገና ወደቀ። የከረሜላውን ወረቀት በጥርሱ ቀደደው። ዶቃው ተበተነ። አኮርዲዮኑን አንድ ጫፉን ይዞ አነሳው፤ ሌላው ጫፍ ተንጠለጠለና ምንም ድምፅ አላወጣም። በእያንዳንዱ ውድቀት ከኋላ ለስለስ ያለ ሹክሹክታ ይሰማል፦ «ጎበዝ አለቃ።»

ይኼኔ ነው ጎንበስ ብላ የልጁን ቀኝ እጅ አንጓ ያየችው። ክር የበላው የሚመስል የቆየ የጠባሳ ቀለበት ዙሪያውን አለ። ዘወር ብላ አባትየውን አየች። ሰውዬው ልጁ ሽልማት የሚቀበል ይመስል ፊቱ በርቷል። የገዛ አባባሏ ያን ጊዜ ጆሮዋ ላይ ጮኸባት።

ስንት ዓመት ሙሉ አፏን ይዛ የተቀመጠችበት ወንበር ላይ፣ ካሜራው እየቀረጸ፣ ተናገረች።

«አለቃ፣ ሁለቱንም እጅህን ተጠቀም። ይቻላል። ቀኙንም አውጣው።»

ልጁ ፈታኟ መናገር መጀመሯ ገርሞት አያት፣ ከዚያ አባቱን አየ። ፀጉር አስተካካዩ ነቄ ነኝ በሚል ዓይን ጠቀሰው። «እያጠመዱህ ነው ልጄ። እንዳትሸወድ» አለው። አለቃ የጨዋታው ሚስጥር ስለ ገባው ሳቀ፤ ቀኙን ከጭኑ ሥር ወደ ውስጥ የበለጠ ገፋው።

ቴፑ አለቀ። ፀጉር አስተካካዩ ብድግ ብሎ ጨበጣት። «አዩልኝ እትዬ? አንዴም አላወጣውም። አንዴም።»

ኮሪደሩ ላይ እናትየው ከሥራ ሮጣ መጥታ፣ የልብስ ማጠቢያ ቤቱን ሽርጥ እንኳ ሳታወልቅ ቆማለች። እትዬ ዝም ሁለቱንም ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርጋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረቻቸው። ፈተናው የሚያየው ሁለቱ እጆች ሲተጋገዙ መሆኑን ነገረቻቸው። ልጁ ቀኙን በመደበቁ ምንም እንዳልቻለ ልጅ ሆኖ እንደ ተቀረጸ ነገረቻቸው።

ፀጉር አስተካካዩ እስክትጨርስ ሰማት። «እርስዎ አይደሉም እንዴ ያሉኝ?» አለ።

«ብያለሁ። ግን ለጥቂት ጊዜ ማለቴ ነበር። በቀን ትንሽ፣ በጨዋታ…»

«ትንሽ የሚል የለበትም» አለ። መከራከሩ አልነበረም፣ እያስታወሰ ነበር። «በየቀኑ ነው የማነበው እትዬ። መስታወቴ ላይ ነው ያለው። ትንሽ የሚል የለበትም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እሷ ደግሞ አባባሏን ሳትቆጥብ ለስንቱ አድላዋለች። ስንቱ ቤት ስንት ኪስ ተሰፍቶ ይሆን?

«እቤት ይችላል» አለች እናትየው በድንገት። ባሏን ሳታይ ነው የተናገረችው። «ሥራ በማልገባበት ቀን፣ እሱ ሱቅ ሲሄድ ክሩን እፈታለታለሁ። ከሥራ የማመጣውን አንሶላና ፎጣ አብረን እናጥፋለን። ግራው ጫፉን ይይዝለታል፣ ቀኙ ይስባል። አባቱ ሲመጣ መልሼ እሰፋዋለሁ። እቤት ይችላል እትዬ፣ ልጆቼን ያሳጣኝ።»

ፀጉር አስተካካዩ ሚስቱን ገና ዛሬ እንዳገኛት ሁሉ አያት። ልጁ መካከላቸው ቆሞ፣ ቀኙን ኪሱ ከቶ፣ «ጎበዝ አልሆንኩም?» እያለ ተራ በተራ ያያቸዋል።

እቤት ይችላል። ይህን ቃል ከስንት እናት ሰምታ ከንፈሯን መጥጣለች። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አመነች፤ ያመነችውም በማይረባ ሰዓት ነው።

እዚያው በቀጥታ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሄደች። ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አይደለም። ቴፑን ከእሷ ጋር እስከ መጨረሻው አየ፤ ድምፅዋን ሲሰማ ብቻ ቅንድቡን አነሳ።

«ልጁ ይችላል» አለች። «ቀኙን የደበቀው ተምሮ ነው። ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እናቱም እቤት ሁለቱንም እንደሚሠራባቸው ነግራኛለች።»

«እቤትማ ሁሉም ልጅ ጎበዝ ነው» አለ ዳይሬክተሩ። ሊያሾፍባት ፈልጎ አልነበረም፤ ሁሉም ሰው እንደሚለው ነው የተናገረው። የማን አባባል እንደ ሆነ ትዝ ያለው ፊቷን ሲያይ ነው፤ አቀረቀረ።

«እንግዲያው ደግሜ ልፈትነው።»

«ድጋሚ ፈተና ዓመት ሳይሞላው የለም። ለምን እንደ ሆነ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ዕቃዎቹን ያስታውሳቸዋል፣ ነጥቡ አይታመንም። በዚያ ላይ ተናግረሻል፤ ደንቡን ብከተል ቴፑን መሰረዝ ነበረብኝ። ከተሰረዘ ደግሞ ልጁ ኮሚቴው ፊት ጨርሶ አይቀርብም፣ ለሚመጣው ዓመትም ተራ አያገኝም። እንዳላየሁ ልለፈው። ካንቺ የምጠብቀው ያየሽውን ነጥብ እንድትሰጪ ነው።»

ሰጠች። ሌላ ምን ታደርጋለች? ከፍ አድርጋ ብትሰጠው ኮሚቴው ቴፑን ያየዋል። ልጁ አለመቻሉን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ቴፕ ነው። እንዲያውም በዚያ ሁሉ ዓመት እንደዚያ ጥርት ያለ ቴፕ ቀርጻ አታውቅም። ኮሚቴው ፊት ቀርባ ያለውን ሁሉ ተናገረች፤ በትዕግሥት ሰሟት፣ አመሰገኗት፣ «ለሚመጣው ዓመት እናየዋለን» አሉ። አለቃ ልዩ ክፍል ተመደበ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው።

ያን ዕለት ባሏ ወጥ ቤት ቆሞ ከአንድ ግትር ክዳን ጋር ይታገል ነበር። ስትገባ አይቷት «ነይ፣ ነጥብ ስጪኝ» አለ። ብልቃጡን ከእጁ ነጥቃ ከፈተችው። ጠረጴዛው ላይ ደቅ አድርጋ አስቀመጠችውና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ዛሬስ ምን ነካሽ?» አለ ሾፌሩ።

ነገረችው። እሱም እንደ ልማዱ አልቀለደም። ቀስ ብሎ «ሄደሽ ሰውዬውን ይቅርታ በዪው» አላት። «አንቺን ነው የሚሰማው። ክሩን ፍታ በዪው።» ይህን ለማለትም እንኳ ብዙ ሰነበተች። እግሯ ወደዚያ መንገድ አልታዘዝ አላት፤ ወደ ማዕከሉ ስትሄድ በላይኛው በኩል እየዞረች ከረመች። ለወላጆች ግን አባባሉን መናገር አቆመች፤ ማብራሪያውን ሁሉ ከእነ ሰዓቱ፣ ከእነ ሳምንቱ ትተነትናለች። ኮሪደሩ ቢሞላም ይሙላ። አንዳንዱ ወላጅ ተሰላችቶ «በአጭሩ ምን ላድርግ?» ይላታል። «በአጭሩ የለም» ትላለች።

አንድ ቅዳሜ ጨክና ወረደች። የፀጉር ቤቱ በር ተከፍቷል፤ ከመግባቷ በፊት በመስኮቱ በኩል አየችው።

አለቃ ጥጉ ላይ በርጩማ ፊት ቆሞ ፎጣ ያጥፋል። ግራው የፎጣውን ጫፍ በርጩማው ላይ ተጭኖ ይዟል፤ ቀኙ ሌላውን ጫፍ ያመጣለታል። ግራው ለቀቅ አድርጎ ያሳልፈዋል፣ መልሶ ይይዛል። ቀኙ ሲዳስስ ግራው ይገለብጥለታል። ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አልለመነውም። ሁለቱ እጆች አብረው እንዳደጉ ወንድማማቾች ሳይነጋገሩ ይግባባሉ። የታጠፉት ፎጣዎች አጠገቡ ተደርድረዋል፣ ጠርዛቸው ቀጥ ያለ። ይህን የሚያግዝ እጅ ነው ዕድሜዋን ሙሉ በካሜራ ስትፈልግ የኖረችው። ልቧ በደስታ ዘለለ። ሳታስበው ወደ በሩ ተራመደች።

ልጁ ቀና ሲል በመስታወቱ ውስጥ አያት።

ቀኝ እጁ ወዲያው ኪሱ ገባ። ፎጣው ከበርጩማው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። አለቃ ጎንበስ ብሎ በግራው አነሳው፤ በአገጩ ደረቱ ላይ አጣብቆ ሊያጥፈው ሞከረ፣ ተጨማደደ። እንደዚያው እንደ ተጨማደደ ይዞላት መጣና እፊቷ ቆመ። ፈገግ ብሎ «ጎበዝ» እስክትለው ይጠብቃል።

ፀጉር አስተካካዩ የአንድ ሽማግሌ ጉንጭ ላይ አረፋ እየቀባ ነበር። ሰላምታዋን ራሱን ዝቅ አድርጎ ተቀበለ። መስታወቱ አናት ላይ የነበረው ቀይ ጽሑፍ በምላጭ ተፍቋል፤ እዚህም እዚያም ብጥስጣሽ ቀለም ቀርቷል።

«ክሩን ይፍቱለት ልልዎት ነበር የመጣሁት» አለች። «ይቅርታም ልጠይቅ።»

«ፈትቼዋለሁ እትዬ። ከፈታሁት ሰነበተ።» ብሩሹን ኩባያው ውስጥ አኖረ። «እቤትም ሱቅም ሁለቱንም ይሠራባቸዋል። ከእኔም ከእናቱም ጋር። ደንበኛ ቢያየውም ግድ የለውም። ልዩ ክፍል ያለችው ሞግዚት እንኳ ታደንቀዋለች፤ የሌሎቹን ልጆች ቁልፍ የሚቆልፈው እሱ ነው።»

«ታዲያ አሁን…»

«አሁን እርስዎን አይቶ ነው።»

ሽማግሌው ደንበኛ ከነአረፋው ዓይኑን ወደ መስታወቱ አነሳ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ፎጣ ላይ እያገላበጠ ጠረገው። በድምፁ ውስጥ ቁጣ ፈልጋ ነበር፣ አላገኘችም፤ ቢቆጣት ይቀላት ነበር።

«ማዕከሉ በር ላይ ስንደርስም ያደርገዋል» አለ። «መክሬዋለሁ፣ ለምኜዋለሁ። ‹እሳቸው የሚወዱት እንዲህ ነው› ይለኛል። ልጅ ነው፣ ይረሳዋል ብዬ ትቼዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። በዓመቱ ድጋሚ ይፈተናል ተብያለሁ። ያን ጊዜ የሚፈትነው ማነው?»

ልጁ ገና እፊቷ ቆሟል፤ ፎጣውን በግራ እጁ ወደ እሷ ዘርግቶ።

«እኔ ነኝ» አለች።